የእነሱ ሰው፣ የእኛ ሰው

ቅናት መሆኑን ያኔም አውቀው ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «የፍትሕ ጉዳይ ነው» እል ነበር። «የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማንም ሃይማኖት ጓዳ አይደለም» እል ነበር። ንግግሩ ልክ ነው፤ ዛሬም ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ግን ፍትሕ አልነበረም። ያንገበገበኝ እሷ ቡድን መሪ መሆኗ ነው።

የምንሠራው አዳማ ውስጥ፣ ከመሬት ጋር በሚሠራ አንድ የመንግሥት ቢሮ ነው፤ ስሙን ተዉት። እኔና እሷ በአንድ ቀን ተቀጥረን ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ለሁለታችን አንድ ቬንትሌተር ነበረን፤ በሚያዝያ ሙቀት እሷ ወደ እኔ ስታዞረው፣ እኔ ወደ እሷ ስመልሰው ነበር የምንውለው። እሷ ዓለም ጤና ከሚባለው ከተማ አካባቢ የመጣች የሽንኩርት ገበሬ ልጅ ናት፤ ከነቤተሰቧ ጴንጤ ናት። እኔ እዚሁ አዳማ ተወልጄ ያደግሁ፣ አንገቴ ላይ ማተብ የማይጠፋ፣ እኔ ራሴ ግን ከቤተ ክርስቲያን የምጠፋ ኦርቶዶክስ ነኝ። በሁዳዴ ምሳ ስንወጣ እሷም አብራኝ የጾም ታዛለች። «አንቺ ፊት ሥጋ አይወርድልኝም» ትለኝ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ሃይማኖት የተነጋገርነው ይኸው ነው፤ ይበቃንም ነበር።

ከዚያ የቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ሆነ። ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት ሁለታችንም ቆመን አነበብነው።

«ተወዳደሪ እንጂ፣ ላንቺ የተሠራ ቦታ ነው» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔ እንጃ» አለች።

እኔ እንጃ ያለች ሴትዮ በሦስተኛው ቀን ማመልከቻዋን አስገባች። የሰማሁት ከመዝገብ ቤቷ ልጅ ነው። እሷ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቬንትሌተሩን ወደ እሷ ማዞር አቆምኩ።

ለዚያ ቦታ እኮ ሁለተኛ ዲግሪ ተምሬበታለሁ። ቅዳሜና እሑድ ልጄን ለእናቴ እየጣልኩ ነው የተማርኩት። ፋይል መርምሬ ስህተት ወጥቶብኝ አያውቅም፤ ባለጉዳይ ተቆጥቶ ሲጮህ የሚላከው ወደ እኔ ነው። ስለዚህ ወንበሩ የኔ ነው ብዬ ነበር። የቡድን መሪውን የመስታወት ክፍል መጋረጃ ሳይቀር በሐሳቤ ቀይሬዋለሁ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የእሷ እምነት ሰው ነበሩ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልዋሽም። ግን ስብሰባ ሲከፍቱ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» ይሉና፣ ትንሽ ቆየት ብለው «እስቲ ለአንድ አፍታ በጸሎት እንጀምር» ይላሉ። ሁላችንም እንነሣለን። ሙስሊሞቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ማማተብ ያምረኝና እጄ ግንባሬ ጋ ሲደርስ ፀጉሬን የማስተካክል አስመስለዋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ በስብሰባ አዳራሹ ኅብረት አላቸው፤ ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ፤ ኃላፊውም አልፎ አልፎ ይገባሉ። እሷ ታዘምራለች። ድምፅዋ ያምራል፤ ይህንንም አልዋሽም። በቢሯችን ስብሰባው በኦሮምኛ ነው፣ ደብዳቤው በኦሮምኛ ነው፤ ሐሜት ግን በሁለቱም ቋንቋ ይሄዳል፤ በሁለቱም ቋንቋ ደግሞ «ቦታው የእነሱ ሰው ነው የሚይዘው» ይባል ጀመር።

ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁ ቀን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በኃላፊው በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ ማተቤን ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩና የላይኛውን ቁልፍ ቆለፍኩት። ማንም አላዘዘኝም። ማንም አንገቴን አላየውም። አንገቴን ያየሁት እኔ ነኝ። እናቴ ስታስርልኝ የነበራት ፊት ድቅን አለብኝ፤ ቢሆንም አልከፈትኩትም፤ ቀና ብዬ ገባሁ።

ውጤቱ ተለጠፈ፤ እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ማተቤን ደብቄም ተሸነፍኩ፤ ይበልጥ ያበገነኝ እሱ ነው። ባልደብቀው ኖሮ ቢያንስ «በእምነቴ ተበደልኩ» ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። እሷ መጥታ አቀፈችኝና «የቀማሁሽ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ኧረ ተይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ጥርሴ ይስቃል፣ አንጀቴ ያርራል። በማግሥቱ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ መስታወት ክፍሉ ገባች። ቬንትሌተሩ ለብቻዬ ቀረልኝ፤ በእሱም ተናደድኩ።

የመስታወት ክፍል ክፉ ነው፤ የምትቀኚባትን ሰው ቀኑን ሙሉ ያሳይሻል። ስትስቅ አያታለሁ፣ ሻይ ስትጠጣ አያታለሁ፣ ስትፈርም አያታለሁ። አንድ ልማድ አላት፤ ፋይል ስትቀበል እጇን ትጭንበትና ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ሦስት አራት ሰኮንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ትከፍተውና መስመር በመስመር ታነበዋለች። ባለጉዳይ ግን ጸሎቱን ነው የሚያየው፤ ንባቡን ማን ልብ ይለዋል? ሁለት ወር ሳይሞላ በግቢው በር ላይ የሚቆሙት ጉዳይ አስፈጻሚዎች ለሰው ሁሉ ምክር ይሰጡ ጀመር፤ «እሷ ጋ ስትገቡ ጌታ ይባርክሽ በሉ፣ ቶሎ ያልቅላችኋል» ይላሉ።

አንድ ቀን ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሐጂ መጡ። ጢማቸው ሒና የነካው፣ ኮፍያቸው ነጭ፣ ሰላሳ ዓመት በዚች ከተማ የኖሩ ሰው ናቸው። በሯ ላይ ጎንበስ ብለው «ጌታ ይባርክሽ፣ ልጄ» አሏት። እሷ ብድግ አለችና «አሰላሙ አለይኩም ሐጂ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለቻቸው። ሐጂ እንደጎነበሱ ቀሩ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፣ ኋላ ሐጂም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ይህቺ ሴትዮ ማፈርን እንኳ ወደ ጨዋታ ትቀይረዋለች ብዬ ተቃጠልኩ።

ሌላ ቀን ደግሞ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የመስታወቱ በር አጠገብ ቆመው ከአንገታቸው ክር ለማውለቅ ሲታገሉ አየሁ። ትንሽ የእንጨት መስቀል ነበረው።

«ልጄ፣ እስክወጣ ያዥልኝ» አሉኝ።

«ምነው እናቴ?»

«እዚያች ልጅ ጋ በዚህ አይገባም ብለውኛል።»

እውነቱን አውቃለሁ። እሷ በመስቀል ምክንያት ያንገላታችው አንድም ሰው የለም፤ ፋይሎቹን ሁሉ አስቀድሜ የምመረምር እኔ ነኝ። «ውሸት ነው እናቴ፣ እንዳሉ ይግቡ» ማለት አንድ ትንፋሽ ነበር። አላልኩም። እጄን ዘርግቼ መስቀሉን ተቀበልኩ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆዩም፤ ጉዳያቸው አልቆ ወጡ። «አየሽ፣ ስላወለቅሁት ነው» አሉኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ ይባላል፤ አዳማ እንዲሁም ወሬ አይጠፋባትም፣ እኔ ደግሞ ዝናቡን ጨመርኩበት። እኒያ እናት በየደረሱበት ያወሩታል፤ አውርተውታልም።

ከዚያ ያ ፋይል መጣ።

አንድ ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ቦታ ጠየቀ። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሑድ እሑድ የምትዘምርበት። ፋይሉን መጀመሪያ እኔ ነኝ የተቀበልኩት። ከፕላኑ ጋር ሳመሳክረው የጠየቁት ቦታ ለሕፃናት መጫወቻ የተያዘ ነው። በሕጉ አይሰጥም። የኔ ሥራ ይህን በማስታወሻ ጽፎ ማቅረብ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት እሱን ነው። ያን ቀን ግን ባዶውን ወደ እሷ አሳለፍኩት። «መርምሬአለሁ» የሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩና አሳለፍኩት። ትፈርማለች ብዬ ነዋ። ከፈረመች ያዝኳት። በመስታወቱ ውስጥ እያየኋት ተቀመጥኩ፤ እጇን ፋይሉ ላይ ጫነች፣ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከሌላው ጊዜ ረዘም አለባት።

ከዚያ ጠራችኝ።

«ይሄ እኮ በፕላኑ የሕፃናት መጫወቻ ነው። አላየሽውም?»

«አምልጦኛል» አልኳት።

ፊቴን አየችው። አንቺ ነገር አምልጦሽ ያውቃል ወይ የሚል አስተያየት ነበር፤ አፏ ግን ያን አላለም። «ይሁን፣ ይደክማል» አለችና በእጇ ጻፈችበት፤ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም፣ ምክንያቱ ይህ ይህ ነው፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ለቤተ ክርስቲያኗ። መልሳ ለእኔ ሰጠችኝና ወደ መዝገብ ቤት መራሁት።

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኗ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የመስታወቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጮክ ብለው አልተናገሩም፤ አንደኛው ያሉት ግን ተሰማኝ፤ «እኛ ጸልየን ያስቀመጥንሽ ለዚህ ነው?» አሏት። ምን እንደመለሰች አልሰማሁም። ሲወጡ ሰላም ሳይሉን ወጡ። ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓቱ ኅብረት ላይ ማዘመር አቆመች፤ ከኋላ መቀመጥ ጀመረች። ምክንያቱን ከእሷና ከእኔ በቀር ቢሮው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ላዝንላት ይገባ ነበር። አላዘንኩላትም። ወንበሩን ስትወስድ የቀማችኝ ሹመት ብቻ ነበር፤ በዚያ ፋይል ግን ትልቅነቱንም ወሰደችው። እኔ ብሆን እምቢ እል ነበር ወይ? የኔ ደብር ቢጠይቀኝ፣ ካህኑ መጥተው ዓይን ዓይኔን ቢያዩኝ? ይህን ጥያቄ ስንት ቀን አመነዠክሁት፤ መልሱን ስለማውቀው ይበልጥ ጠላኋት።

በመሐል ኃላፊው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። አዲሱ ሰውዬ ሲመጡ ቢሮው መጀመሪያ ያየው አንገታቸውን ነው፤ ወፍራም ጥቁር ማተብ። ምንም ሳይናገሩ ነፋሱ ዞረ። የምሳ ሰዓቱ ኅብረት ማንም ሳይከለክለው ሳሳ፣ ከዚያ ቀረ። ትናንት «ሃሌሉያ» ስትል የነበረች ጸሐፊ ዛሬ «እመቤቴ ታውቃለች» ማለት ጀመረች። አንዱ ባልደረባዬ ኮሪደር ላይ ትከሻዬን መታ አድርጎ «እንግዲህ ጊዜው የናንተ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። ማፈር ሲገባኝ ደስ አለኝ።

አዲሱ ኃላፊ ግምገማ ጠሩ። ግምገማ ለማያውቅ ሰው፤ ሠራተኛ ሁሉ ተሰብስቦ አንዱ የሌላውን ጉድለት ፊት ለፊት የሚናገርበት፣ ጸሐፊ በቃለ ጉባኤ የሚመዘግብበት ስብሰባ ነው። በግምገማ ላይ ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። የእሷ ተራ ሲደርስ ከአስተያየት ሳጥን የወጡ ወረቀቶች ተነበቡ፤ ለእምነቷ ሰዎች ታደላለች፣ መስቀል ያሰረ ሰው ታጉላላለች፣ በመንግሥት ወንበር ላይ ሃይማኖቷን ታስፋፋለች። ወረቀቶቹን እኔ አልጻፍኳቸውም። መጻፍ አላስፈለገኝም።

«መልስሽ?» አሏት ኃላፊው።

«ሥራዬ ፋይሉ ላይ አለ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

ኃላፊውም ዓይኗን ተከትለው ወደ እኔ ዞሩ። «ፋይሎቹ የሚያልፉት በአንቺ እጅ ነው አይደል? የምትጨምሪው አለ?»

የዚያ ቤተ ክርስቲያን ፋይል ከእኛ አሥራ አምስት ሜትር ርቀት ላይ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። የኔ ፊርማ አለበት፣ የእሷ እምቢታ አለበት። «ፋይል ይታይ» ብል ያልቃል፤ ሁለት ቃል። ሁሉም ይጠብቃል፤ ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አንሥታ ይዛለች። የመስታወት ክፍሉ ታየኝ፤ መጋረጃው ታየኝ።

«የምጨምረው የለኝም» አልኩ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን ያን ደቂቃ ሲነቅዝ ተሰማኝ። እሷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች፤ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ደብተሯን ዘጋች። በወሩ ቡልቡላ ወደሚገኝ አነስተኛ ጽሕፈት ቤት፣ ዝቅ ባለ ደረጃ ተመደበች። ወንበሩን እኔ ያዝኩት። መጋረጃውን ቀየርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ እየገቡ «እንኳን የእኛ ሰው ገባ» አሉኝ። የማን ሰው እንደሆንኩ ግን እኔም አላውቀውም ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ ለልምድ ልውውጥ ወደ ሻሸመኔ ስንሄድ ሾፌሩ ቡልቡላ ላይ ለምሳ አቆመ። ቃሉን ለወራት ሳጠናው ነበር፤ ይቅር በይኝ፣ ቀንቼብሽ ነው፣ በቃ። ከሬስቶራንቱ ወጥቼ ጽሕፈት ቤቱን ጠየቅሁ። ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ፊት ገበሬዎች ተራ ይዘው ቆመዋል። ስታየኝ ከወንበሯ ተነሥታ ሳመችኝ፤ ለስላሳ አስመጣችልኝ፤ ገበሬዎቹን በኦሮምኛ «ትንሽ ታገሡኝ፣ እኅቴ መጥታብኝ ነው» አለቻቸው። እኅቴ።

«ወንበሩ ተመቸሽ?» አለችኝ። ከድምፅዋ ውስጥ ሽሙጥ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«ሥራ ነው» አልኳት። የተዘጋጀሁበትን ቃል ትቼ ሌላ ጠየቅሁ። «የቤተ ክርስቲያኑን ፋይል ያን ቀን ለምን ራስሽ አልተናገርሽም?»

«ብናገር ማን መጥቶ ጠየቀሽ እባላለሁ፤ የሽማግሌዎቹ ስም ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ቦታ ነው የጠየቁት፣ መጠየቅ ደግሞ ወንጀል አይደለም። አንቺ ብትይው ኖሮ ግን ፋይሉ ብቻ ታይቶ የሥራ ነገር ሆኖ ያልፍ ነበር።» የሰው ፋይል እንደምታስረዳ ነበር የምትናገረው። ወዲያው ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገች። «ጠጪ፣ ይሞቅብሻል።»

ጠጣሁ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ» አለችኝ። «ያኔ ማስታወቂያው ሲወጣ ለመወዳደር አልፈለግሁም ነበር። ኃላፊው ካልተወዳደርሽ ብለው ያዙኝ። የእምነታቸው ሰው ስለሆንኩም ይሆናል፤ አልክድሽም። እምቢ ማለት አፈርኩና አስገባሁ። ግን ውጤቱ እስኪለጠፍ በየቀኑ ለአንቺ ነበር የምጸልየው። ወንበሩ ለእሷ ይሁን፣ እሷ ለፍታበታለች እል ነበር።» ፈገግ አለች። «ይኸው፣ ዘግይቶም ቢሆን ሰማኝ።»

ብትሰድበኝ እችለው ነበር። ብታለቅስ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። እሷ ግን እኔ አፌን ዘግቼ የነጠቅኋትን ወንበር ለምና ያሰጠችኝ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ደግሞም ታምንበታለች፤ ፊቷ ላይ አንድም ውሸት አልነበረም። ውጪ ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ተነሣሁ፤ በሁለቱም ጉንጬ ሳመችኝ፤ ገበሬዎቹ ገለል ብለው አሳለፉኝ።

መኪና ውስጥ ባልደረባዬ «እንዴት ናት?» አለችኝ።

«ደኅና ናት» አልኳት፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ገብቼ፣ ይባሱን ቀንቼባት ወጣሁ።